ስለ መጀመሪያዎቹ ዓሦች

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የሦስት ዓሦች ሞት ነው። ይህን ሲያነብ የሚሥቅ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። «በሰው ልጅ ላይ ስንት መከራ እየወረደ፣ ይህ ሽማግሌ ጣት ለማያህል ዓሣ ወረቀት ያበላሻል» የሚለኝም አይጠፋም። ይበል፤ እኔም እርሱን ብሆን ኖሮ እንዲሁ ባልሁ ነበር። ነገር ግን ሣቁን ሲጨርስ እስከ መጨረሻው እንዲያነብልኝ እለምነዋለሁ። የምከራከረው ስለ ዓሣ ብቻ አይደለምና። ነፍስ ያለውን ፍጥረት «መጀመሪያ ይህ ይሙት፤ የሚቀጥለው ይኖራል» ብሎ በገንዘብ ገዝቶ ወደ ሞት የሚያስገባ ልማድ በመካከላችን ገብቶአል፤ ይህንንም ልማድ በመጫወቻ ስም ለልጆቻችን እናስተምራቸዋለን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የልጄ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላት ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ እንድገዛላት ለመነችኝ። በአዲስ አበባ እንዲህ ያለውን ገንዳ ዱሮ የማየው በትልልቅ ሆቴሎች መግቢያ ነበር፤ አሁን ግን በምግብ ቤቱም፣ በሐኪም ቤቱ መጠበቂያ ክፍልም፣ በሰው ሳሎንም አየዋለሁ። ነገሩ መልካም መሰለኝ፤ ሕፃን ልጅ ስልክ ላይ አፍጥጣ ከምትውል ዓሣ ሲዋኝ ብታይ ይሻላል ብዬ ተያይዘን ሄድን። ሻጩ ትሑት ወጣት ነው። 40 ሊትር የሚይዝ ገንዳ፣ ቀለም የተነከረ ጠጠር፣ ትንሽ የውኃ ማጣሪያ፣ በላስቲክ ከረጢት የታሰሩ ሦስት ወርቅማ ዓሦች አድርጎ ሰጠን። «ዛሬውኑ እናስገባቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። «አዎን አባቴ፤ ውኃ ይሙሉና ይልቀቋቸው» አለኝ።

እንዳለን አደረግን። በመጀመሪያው ቀን ቤቱ ሁሉ ሠርግ ቤት መሰለ። ልጅቱ ዓሦቹን በቀን ሰባት ጊዜ መገበቻቸው፤ እኔም «ጨምሪላቸው» እያልሁ አገዝኋት። በአራተኛው ቀን አንዱ ዓሣ ከውኃው ፊት ላይ ተንጠልጥሎ አፉን ይከፍትና ይዘጋ ጀመር። «አባባ፣ እያናገረን ነው» አለችኝ፤ እኔም ሣቅሁ። አሁን ሳስበው እኛ የሣቅነው ያ ፍጥረት ትንፋሽ አጥቶ ሲጨነቅ ነው። በስድስተኛው ቀን ሞተ። በዘጠነኛው ቀን ሦስቱም አልቀው ነበር። ውኃው ግን ኩልል ያለ፣ የጠጠሩ ቀለም አንድ በአንድ የሚታይበት፣ እንኳን መርዝ ጉድፍ እንኳ የሌለበት ይመስል ነበር።

«አባባ፣ ለምን ሞቱ?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ወሰዳቸው» አልኋት።

አንባቢዬ ሆይ፣ በዚህ መልስ እስከ ዛሬ ድረስ አፍራለሁ። እኔ የገደልሁትን በእግዚአብሔር አሳበብሁ። ባለማወቅ ነው ያደረግኸው ብትለኝ አልክድም፤ ዳሩ ግን ለመጠየቅ አለመፈለጌ የራሴ ጥፋት ነበር። አንድ በሬ የሚገዛ ገበሬ ስለ በሬው ጥርስ፣ ስለ ሰኮናው፣ ስለ ባሕርዩ ግማሽ ቀን ይጠይቃል። እኔ ሦስት ነፍስ ስገዛ የጠየቅሁት ዋጋቸውን ብቻ ነው።

ወደ ሻጩ ተመልሼ የሆነውን ነገርሁት። አላዘነም፤ አልተገረመምም። «አባቴ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁልጊዜ ይሞታሉ። ውኃውን የሚያዘጋጁት እነርሱ ናቸው። ለዚህ ነው ርካሾቹን የሰጠሁዎት። አሁን ውኃው ስለ ለመደ ጥሩዎቹን ይውሰዱ» አለኝ። በትሕትና ነው የተናገረው፤ ያታለለኝም አይመስለውም። እርሱም ከሌላ ሰው የሰማውን ነው የሚደግመው። እኔን ያስቆጣኝ ግን የዓሦቹ መሞት ብቻ አልነበረም፤ ሊሞቱ እንደሚችሉ እያወቀ በሕፃን እጅ ማስጨበጡ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመጻሕፍትም፣ ዓሣ ከሚያረቡ ሰዎችም ጠይቄ ነገሩን ተረዳሁ።

ዓሣ እንደ ማናቸውም እንስሳ ከበላው የተረፈውን ቆሻሻ ከሰውነቱ ያስወጣል። እኛ በሽንት የምናስወጣውን እርሱ በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ወደ ውኃው ይለቀዋል። በጣና ወይም በዝዋይ ሐይቅ ይህ ነገር አይጎዳውም፤ ውኃው ሰፊ ነው፤ በጭቃውም፣ በድንጋዩም፣ በደንገሉም ላይ አሞኒያውን የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ሞልተዋል። 40 ሊትር በያዘ አዲስ ገንዳ ውስጥ ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም፤ ቢኖሩም ከቁጥር የማይገቡ ናቸው። ስለዚህ ዓሣው የራሱን ቆሻሻ እየተነፈሰ ይውላል፤ እየተነፈሰም ያድራል። ስንጥቡ ይቃጠላል፤ ይቀላል፤ ከውኃው ፊት ላይ ወጥቶም አየር ይለምናል።

ሥራውን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ሁለት ወገን ናቸው። ፊተኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይት ደግሞ ሌላ መርዝ ነው፤ ወደ ዓሣው ደም ገብቶ ደሙ አየር እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ደሙም ቀይነቱን ትቶ ቡናማ ይሆናል፤ ዓሣውም አየር በሞላበት ውኃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። ኋለኛው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይህ እጅግ ካልበዛ በቀር የማይጎዳ፣ ውኃውን በየጊዜው በመቀየር የሚወገድ ነው። ሁለቱም ወገኖች በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ተራብተው ገንዳው እስኪደርስ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ኋለኛው ወገን ዘግይቶ ስለሚነሣ፣ አሞኒያው ጠፋ ብሎ የተደሰተ ሰው ናይትራይቱ ሲወጣ ለሁለተኛ ጊዜ ዓሣ ይቀብራል።

ይህን ነገር ለአንዲት የአገራችን ባልቴት ብነግራት ሳልጨርስ ትረዳኛለች፤ «እርሾ ነዋ!» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ዱቄትና ውኃ ደባልቃ በዚያው ሰዓት ምጣድ ላይ የምታፈስ ሴት እንጀራ አላገኘሁም ብላ ጤፉን ብትረግም ማን ይሰማታል? አዲስ ቤት የገባች ሙሽራ መጀመሪያ የምትለምነው ከጎረቤቷ እርሾ ነው። ካቦካችም በኋላ ቡሃቃዋን በሳሙና ፈትጋ አታጥበውም፤ እርሾው እንዳይጠፋባት ትጠነቀቃለች። ሊጡ እስኪደርስ ሁለትና ሦስት ቀን ትታገሣለች፤ ማንም አላስተማራትም፤ ከእናቷ አይታ ነው። እንግዲህ ለሊጥ ሦስት ቀን የምንታገሥ ሕዝብ፣ ለነፍስ ስድስት ሳምንት መታገሥ ለምን አቃተን?

«ይህ ገና አሁን የመጣ የፈረንጅ ጥበብ ነው፤ ከየት እናውቀዋለን» የሚል ቢኖር፣ ዘመኑን ልንገረው፤ ዓመቶቹንም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን የኬሚስትሪ ሊቅ ሁለት ትንንሽ ወርቅማ ዓሦችን ከውኃ ተክልና ከቀንድ አውጣ ጋር በገንዳ አኑሮ፣ እንስሳውና ተክሉ እንዴት እንደሚደጋገፉ በ1850 ለኬሚስትሪ ማኅበር አስታወቀ። በ1853 የለንደን የአራዊት ማኅበር የዓሣ ቤት ለሕዝብ ከፈተ። በ1877 ደግሞ ሽሌዚንግና ሙንትስ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የፍሳሽ ውኃን በአሸዋና በኖራ ድንጋይ በተሞላ ረዥም ቱቦ ውስጥ ቀስ እያለ እንዲያልፍ አደረጉት። ሃያ ቀን ያህል ምንም ለውጥ አልታየም፤ የገባው አሞኒያ እንደ ገባ ይወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ አሞኒያው እየጠፋ በፈንታው ናይትሬት ይወጣ ጀመር። የክሎሮፎርም ትነት ቢያስገቡበት ሥራው ቆመ፤ በዚህም ሥራውን የሚሠሩት ሕይወት ያላቸው ነገሮች መሆናቸው ታወቀ። እንግዲህ ሦስቱን ዓሦቼን የገደላቸው ያ የሃያ ቀን ዝምታ ነው።

የሚያስደንቀው፣ ሥራው በሁለት ደረጃ እንደሚፈጸም ካሳዩት ሰዎች አንዱ የዚያው የዋሪንግተን ልጅ፣ እርሱም ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው ነው። አባቱ ዓሣን በመስታወት ውስጥ አኖረ፤ ልጁ ስለ ዓሣ ሳያስብ፣ በሮትሃምስቴድ የእርሻ አፈር ሲመረምር፣ አባቱ ያኖረው ዓሣ የሚድንበትን ምሥጢር አገኘ። ሩሲያዊው ሰርጌ ቪኖግራድስኪ በ1890 ባክቴሪያዎቹን ለብቻቸው ለይቶ አወጣቸው። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ እየታረመ መጥቶአል፤ በ1998 በዓሣ ገንዳ ውስጥ ናይትራይቱን የሚለውጠው እንደ ተጻፈው ናይትሮባክተር ሳይሆን ናይትሮስፓይራ መሆኑ ታየ፤ በ2015ም ከናይትሮስፓይራ ወገን ሁለቱን ደረጃ ብቻውን የሚፈጽም መኖሩ ተገኘ። ስማቸው ይታረም እንጂ፣ ገንዳው ሳይደርስ የሚገባ ዓሣ በመርዝ ላይ እንደሚወድቅ የተነገረው አልታረመም።

አሁን ወደ ሻጩ ቃል ልመለስ። «ውኃውን የሚያዘጋጁት የመጀመሪያዎቹ ናቸው» አለ። በዚህ ቃል ውስጥ ግማሽ እውነት አለ፤ ግማሽ እውነትም ከሙሉ ሐሰት ይልቅ ብዙ ሰው ያሳስታል። ባክቴሪያዎቹ እንዲራቡ አሞኒያ ያስፈልጋቸዋል፤ ዓሣም አሞኒያ ያወጣል። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ነገር ግን ባክቴሪያው አሞኒያውን ይፈልገዋል እንጂ ዓሣውን አይፈልገውም። ሳሙናና ሽቶ ያልተቀላቀለበት ንጹሕ አሞኒያ ጥቂት ጠብታ፣ በአንድ ሊትር 2 ሚሊግራም ያህል እንዲሆን ተለክቶ ቢጨመር ይበቃል፤ አሞኒያ ያጣ ሰው አንድ ቁንጥር የዓሣ ምግብ በባዶው ገንዳ ውስጥ ጥሎ እንዲበሰብስ ቢተወው ያው ነው፤ ይዘገያል እንጂ ይሆናል። በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ገንዳ፣ የተጨመረለትን አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ጨርሶ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ደርሶአል ይባላል። ያን ጊዜ አብዛኛው ውኃ ተቀይሮ ዓሣው ይገባል። ታዲያ የእነዚያ ሦስት ዓሦች ሞት ለምን አስፈለገ? ለምንም! ውኃው በነፃ ይዘጋጅ ነበር። የሞቱት ለውኃው ሳይሆን ለችኮላችን ነው።

ሰው መቼም መልስ አያጣም። ይህን ጉዳይ ለአንድ ወዳጄ ባጫውተው፣ «አንተ ዓሣ ጥብስ ስትበላ አላየሁህም እንዴ? ቆሮሶውን አጥንቱ እስኪቀር ትግጥ የለም?» አለኝ። እበላለሁ፤ አልደብቅም። ነገር ግን ዓሣ አጥማጁ ያጠመደውን ዓሣ ሳሎኑ ውስጥ በቆሻሻው አፍኖ ዘጠኝ ቀን አያሠቃየውም፤ ልጆቹንም ሰብስቦ «እዩት፣ እንዴት ያምራል» አይላቸውም። በሬ አርዶ የሚበላ ሰው በሬውን በርኃብ አሥሮ መግደል አይፈቀድለትም፤ ወዳጄም ይህን ያውቀዋል። ለመብላት መግደልና ለማስዋብ ማሠቃየት አንድ ከሆኑ፣ የሥጋ ሻጩንና የጨካኙን ልዩነት ያስረዳኝ።

ሌላው «ዓሣ ሕመም አይሰማውም» ይላል። በዚህ ነገር ሊቃውንትም ይከራከራሉ። ሆኖም በ2003 ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ በስኮትላንድ፣ ትራውት በሚባሉት ዓሦች ከንፈር ላይ የንብ መርዝና አሲድ ወግተው ሞክረው ነበር፤ ዓሦቹ ምግብ ተዉ፤ ሰውነታቸውን ወዲያና ወዲህ አወዛወዙ፤ አሲድ የተወጉትም ከንፈራቸውን በጠጠሩ ላይ አሻሹ። ማስታገሻ መድኃኒት ሲሰጣቸው ይህ ሁኔታ ቀነሰ። እኔ ከዚህ የበለጠ አላውቅም። ግን አንድ ፍጥረት ሕመም ይሰማው ወይም አይሰማው ብዬ ብጠራጠር፣ ጥርጣሬዬን ለእኔ ጥቅም ሳይሆን ለእርሱ ማድላት ያለብኝ ይመስለኛል። ዳኛም ቢሆን ተጠራጥሮ ሰውን አይሰቅልም።

ሦስተኛው ተከራካሪ ነጋዴው ነው፤ «እኔም ልብላ እንጂ» ይላል። ይብላ። ገንዳውን፣ ማጣሪያውን፣ ጠጠሩን፣ የውኃ መመርመሪያውን ዛሬ ይሽጥ፤ ዓሣውን ስድስት ሳምንት ቆይቶ ይሽጥ። ምን ይጎድልበታል? ዓሣው የሞተበት ሰው ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ቢገዛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ገንዳውን የአበባ ማስቀመጫ ያደርገዋል፤ ዓሣ የሚባልም አይሰማም። በብዙ ቤት እንዲህ ያለ ደረቅ ገንዳ አይቻለሁ፤ በአንዱ ቤትማ የጫማ ቀለምና ብሩሽ ተቀምጦበታል። ሌሎች አገሮች ነገሩን ለነጋዴው ፈቃድ ብቻ አልተዉትም። በኢጣልያ የሞንዛ ከተማ በ2004 ወርቅማ ዓሣን በክብ የመስታወት ዕቃ ማኖርን ከለከለች፤ ሮማም በ2005 ተከተለቻት። በእንግሊዝ በ2006 የወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ፣ ዐዋቂ ሰው አብሮት ለሌለ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እንስሳን ሽልማት አድርጎ መስጠትን ይከለክላል። ይህም ከዱሮ ጀምሮ በየበዓሉ ትርዒት ዓሣ በከረጢት ይሸለም ስለ ነበረ ነው። ከነዚያ የከረጢት ዓሦች አንዱ፣ ቲሽ የተባለው፣ በ1956 ተሸልሞ እስከ 1999 ድረስ ኖረ፤ አርባ ሦስት ዓመት! እኛ «ዘጠኝ ቀን ከኖረ ይበቃዋል» የምንለው ዓሣ ሰው ተድሮ፣ ወልዶ፣ የልጅ ልጅ እስኪያይ ይቆያል።

«እሺ፤ እኔ ግን ሳላውቅ ዓሣውን አስገብቻለሁ፤ አሁን ምን ላድርግ?» ለሚለኝ ሰው ቁጣዬን አቁሜ እመልስለታለሁ። ይህ ሰው ከሁሉ ይልቅ ይረዳ ዘንድ ይገባዋል። ገንዳው የደረሰለት የሚያውቀው ሰው ካለ፣ ዓሦቹን ለጊዜው በዐደራ ይስጥለት፤ ከዚህ የሚሻል የለም። ከሌለ ግን እንግዲህ ባክቴሪያዎቹ እስኪራቡ ድረስ ሥራቸውን በገዛ እጁ መሥራት አለበት። ይኸውም ውኃ መቀየር ነው። ውኃውን በዐይኑ አይመን፤ የእኔም ውኃ ኩልል ያለ ነበርና። በየቀኑ በመመርመሪያ ይለካ፤ አሞኒያው ወይም ናይትራይቱ በአንድ ሊትር 0.25 ሚሊግራም ሲደርስ በዚያው ቀን ከሩቡ እስከ ግማሹ ውኃ ይቀየር። የሚጨመረው ውኃ እንደ ገንዳው ውኃ የሞቀ ይሁን። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪን ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይፈጃል፤ ስለዚህ አፉ በሰፋና በተከፈተ ዕቃ ቢያንስ 24 ሰዓት ይሰንብት። በክዳን የተዘጋ ጀሪካን ውስጥ የቆመ ውኃ ግን ክሎሪኑ በቀላሉ አይወጣለትም፤ ይህን ብዙ ሰው ይስተዋል። በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቼ ደግሞ፣ በአሜሪካ ብዙ ከተሞች በክሎሪን ፈንታ ክሎራሚን እንደሚጨመር ላስታውሳቸው እወዳለሁ፤ እርሱ በማሳደር አይለቅም፤ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠው ማስወገጃ ያስፈልገዋል።

በመመርመሪያው ላይ የሚታየው የአሞኒያ ቁጥርም ብቻውን አይበቃም። ውኃው 25 ዲግሪ ሲሆንና ፒኤቹ 7 ሲሆን፣ ከጠቅላላው አሞኒያ ገዳይ የሆነው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤቹ 8 ሲሆን ግን ከመቶ አምስት ያህል ይሆናል። ቁጥሩ ያው ሆኖ መርዙ ዐሥር እጥፍ ይከፋል ማለት ነው። ስለዚህ ለጌጥ ብሎ የባሕር ዛጎልና የኖራ ድንጋይ በገንዳው የሚያከማች ሰው ፒኤቹን ከፍ አድርጎ መርዙን ራሱ እንደሚያበረታው ይወቅ።

ምግቡ! እኔ የበደልሁት በዚህ ነው። በሁለት ቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ጣት የምትያዝ ቁንጥር ትበቃለች፤ ጤነኛ ወርቅማ ዓሣ ሳምንት እንኳ ሳይበላ ቢቆይ አይሞትም። የተረፈው ምግብ በዚያው ሰዓት ይውጣ። ልጆች ይህን ሲሰሙ «ራባቸው» ብለው ያለቅሳሉ፤ ዓሣን የሚገድለው ግን ርኃብ ሳይሆን የእኛ ደግነት መሆኑን ማስረዳት የአባት ሥራ ነው። ናይትራይት በሚወጣበት ጊዜ ለ10 ሊትር ውኃ 1 ግራም ጨው ቢጨመር፣ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥቡ በኩል እንዳይገባ ይከላከላል፤ ይህ ግን ጊዜ ይሰጣል እንጂ ውኃ መቀየርን አይተካም። የውኃ ተክል ቢኖርም አሞኒያውን በመመገብ ያግዛል።

ለአዲስ አበባ ሰው የምጨምረው አለኝ። ከተማችን ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ውኃችን የሚይዘው አየር በባሕር ዳርቻ ያለው ውኃ ከሚይዘው ወደ ሦስት አራተኛ ዝቅ ይላል፤ ስንጥቡ ለተቃጠለ ዓሣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ የአየር መንፊያው ቀንም ሌሊትም አይጥፋ። ቤታችንም ቀዝቃዛ ነው፤ በብርድ ባክቴሪያው ቀስ ብሎ ስለሚራባ ማሞቂያ የሌለው ሰው ስድስት ሳምንት የተባለው ሊረዝምበት ይችላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማጣሪያው ይቆማል፤ በዝግ ማጣሪያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በጥቂት ሰዓት ውስጥ አየር አጥተው መሞት ይጀምራሉ። መብራቱ የሚዘገይ ከሆነ ስፖንጁን አውጥቶ በገንዳው ውኃ ውስጥ ማኖር፣ ውኃውንም በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መመለስ ይጠቅማል፤ መብራቱ ሲመጣ በማጣሪያው ውስጥ የቆመውን የሸተተ ውኃ ደፍቶ ማስነሣት ነው። ስፖንጁም ሲቆሽሽ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ለቅለቅ ይደረግ እንጂ በቧንቧ ሥር አይታጠብ። ንጽሕና እወዳለሁ ብላ ስፖንጁን በሳሙና አጥባ ዓሦቿን ሁሉ የጨረሰች ሴት አውቃለሁ፤ ያችው ሴት ቡሃቃዋን ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም።

እኔ ከብዙ ቀን በኋላ የልጄን ልጅ ጠርቼ እውነቱን ነገርኋት። «ዓሦቹን የገደልኋቸው እኔ ነኝ፤ ሳልጠይቅ ስላስገባኋቸው ነው» አልኋት። ዝም ብላ ቆይታ፣ «እኔም ብዙ አብልቻቸዋለሁ» አለችኝ። ይህን ስትል እንባዬ መጣ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በልቧ የያዘችው ነገር ኖሮአል፤ እኔ «እግዚአብሔር ወሰዳቸው» ብዬ ያሳረፍኋት ሲመስለኝ እርሷ ብቻዋን ስትፈርድ ነበር።

ከዚያ ገንዳውን አጥበን እንደገና ሞላነው። ዓሣ የሚያረባ አንድ ወዳጄ በገንዳው ውስጥ ዓመት ከቆየው ስፖንጅ ቆርጦ፣ እንዳይደርቅ ከነውኃው በጣሳ ሰጠኝ። ልጅቱ «እርሾው» ብላ ሰየመችው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃውን ትለካና በቀን መቁጠሪያው ላይ በእርሳስ ትጽፋለች። ባዶ ገንዳ ሳሎን ውስጥ አስቀምጠን በመብራት ስናየው የመጣው እንግዳ ሁሉ «ዓሣው የት አለ?» እያለ ይሥቅብን ነበር። እርሷም «ገና አልደረሰም» ትላለች። በሃያ ሦስተኛው ቀን አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆነ። እኔ እንሂድ ብላት፣ «ነገም እንለካ» አለችኝ። በማግሥቱም ለካች። ወርቅማ ዓሣ እያደገ ስለሚሄድ 40 ሊትር እንደማይበቃው ተረድተን ነበርና፣ አራት ትንንሽ ጉፒ ገዝተን ገባን፤ ዛሬም አሉ፤ ወልደውም በዝተዋል።

ሻጩን ያን ቀን በጎን ጠርቼ ይህን ሁሉ አጫወትሁት። አዳመጠኝ፤ «እውነትዎን ነው አባቴ፤ ግን ሰዉ ባዶ ገንዳ ይዞ አይሄድልኝም» አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ አንድ አባትና አንድ ትንሽ ልጅ አዲስ ገንዳ ገዝተው ቆመዋል። ወጣቱ አየኝና ዐይኑን ሰበረ፤ ከረጢቱን ግን አሰረላቸው።